በውሰት የመጣ ጥጃ

ባለፈው ጥር፣ በወጣትነቴ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ሲያስመርቅ ጋበዘኝ። ክፍሉ በእኛ ጊዜ የተሰባበሩ ወንበሮች መጣያ ነበር። አሁን ግድግዳው ነጭ ተቀብቶ፣ ወለሉ ምንጣፍ ለብሶ፣ በሩ ላይ የሟቹ መምህሬ ስም በነሐስ ፊደል ተለጥፏል። ስሙን እኔ እዚህ አልደግመውም፤ ነሐሱ ይበቃዋል። ገብቼ መነጽሮቹን፣ እስክርቢቶዎቹን፣ ከውጭ አገር ያመጣቸውን ዲፕሎማዎች በየተራ አየሁ። ታላላቅ ሰዎች ከሞቱ በኋላ መነጽራቸው ለምን ለእይታ እንደሚቀመጥ ገብቶኝ አያውቅም። በዚያ መነጽር እያዩ ያላዩትን ማሳየት ቢቻል ኖሮ አንድ ነገር ነበር።

በመጨረሻው ጥግ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ጥጃው ቆሟል።

ቀይ ነው፣ ግንባሩ ቦቃ። ሆዱ በጤፍ ጭድ ተሞልቶ በጅማት ተሰፍቷል። አንገቱ ላይ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው ያብረቀርቃል። የግራ የፊት እግሩ ከሌሎቹ ያጥር ነበር፤ አንድ ጠንቃቃ ሰው ብረት ቀጥሎ አስተካክሎታል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «ላምን ለማታለል የተሠራ የጥጃ ምስል፤ ዋግ» ይላል። በሳጥኑ ስንጥቅ የወጣው የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው አፌ በምራቅ ተሞላ፤ ሰው ሊያስመልሰው ሲል እንደሚሆነው። ዞር ብዬ ዋጥኩት። የንግግር ፕሮግራሙ ላይ ስሜ ሦስተኛ ነበር።

መምህሬ የሥነ ሕይወት ፈላስፋ ነበር። «ነበሩ» ማለት ይገባኝ ነበር፤ ዕድሜውም ማዕረጉም ያስብለዋል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንቱታ የምሰጠው ለሁለት ሰዎች ነው፤ እነሱም ቆይተው ይመጣሉ።

ሥራው ምን እንደሆነ ግራ ለሚገባው አንባቢ፦ የባዮሎጂ ሰው እንስሳውን ይከፍታል፤ የባዮሎጂ ፈላስፋ ደግሞ ከፋቹን «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልብ የተሠራው ደም ለመርጨት ነው ስንል፣ ማን አስቦበት ነው የሠራው? አንድ ዝርያ የት ላይ አልቆ ሌላው የት ላይ ይጀምራል? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ከሰውዬው ጋር አብሬ ልጠላቸው ሞክሬ አልሆነልኝም። እሱ የጀመረው በቤተ ሙከራ ነበር፤ እንቁራሪት ሲከፈት አይቶ ራሱን ስቶ እንደወደቀ የድሮ ባልደረቦቹ ያወሩ ነበር። እሱ ግን ይህንን «ከሥጋ ወደ ሐሳብ የተሻገርኩበት ቀን» እያለ ነበር የሚተርከው። ውጭ አገር ሄደ፣ ዶክትሬቱን ይዞ ተመለሰ፣ በሬዲዮ መናገር ጀመረ። ስሙን ያስጠራችለት አንዲት አባባሉ ናት፦ «ድንጋይ አይሳሳትም፤ ስሕተት የጀመረው ሕይወት ሲጀምር ነው።» ተማሪዎች ደብተራችን ሽፋን ላይ እንጽፋት ነበር። እኔ ሁለት ደብተር ላይ ጽፌያታለሁ።

አራተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ረዳት ሊቀጥር መሆኑ ተሰማ። ቦታው አንድ ነው፤ ተመኚው ብዙ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እንስሳት እንዴት እንደሚሳሳቱ ሲያስተምር እጄን አወጣሁና ያገሬን ነገር ነገርኩት። በእኛ በዋግ ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ስትከለክል፣ የጥጃው ቆዳ ተገፎ፣ ጭድ ተሞልቶ፣ እንጨት እግር ተበጅቶለት ፊቷ ይቆማል። ጨው ይነሰነስበታል። እሱን እየላሰች ትታለባለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም። ስንወጣ ትከሻዬን ያዘና፣

«ይህንን በዓይኔ አሳየኝ፤ ረዳትነቱ ያንተ ነው» አለኝ።

ማሳየት እችል ነበር። በዚያው ሰሞን ከአክስቴ የደረሰኝ ደብዳቤ ጥጃቸው በሆድ መንፋት መሞቱን ይናገራል። ሰው በዘመዱ ላይ የደረሰን ጉዳት ሲሰማ ማዘን አለበት። እኔ ደብዳቤውን ያነበብኩት እንደ ሹመት ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ሄድን። ከኮረም ወዲያ መንገዱ መንገድ መሆኑን ረሳ፤ መኪናው እየዘለለ፣ ማሽላው በግራ በቀኝ እየቀላ፣ ቁልቋሉ አቧራ ለብሶ እየተመለከተን፣ ሰቆጣ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ፈላስፋው መስኮቱን ዘግቶ፣ ሽቶ የነካ መሐረብ አፍንጫው ላይ አድርጎ ነበር የመጣው። «ድንቅ አገር ነው» ይላል በመሐረቡ ውስጥ። በማግስቱ በእግር ሦስት ሰዓት ሄደን አክስቴ ቤት ደረስን።

አክስቴ ብርነሽ የአባቴ እህት ናቸው። ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ሦስት ሰዓት በእግራቸው እየመጡ የሳምንት ስንቄን ያቀብሉኝ ነበር፦ የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴም በቅል ማር። አራት ዓመት ሙሉ። ባላቸው ጋሽ ኃይሉ እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ታመው፣ ከሰኔ ጀምሮ ከመደብ አልተነሱም። ሆዳቸው እህል አልቀበል ብሎ ወተት ብቻ ነበር የሚይዘው። የንስሐ አባታቸው በጾም ቀንም እንዲጠጡ ፈቅዶላቸው ነበር። ያ ቀይ ጥጃ ሲሞት ከተኙበት በሰው ተደግፈው ወጥተው፣ ገፈው፣ ሞልተው፣ ሰፍተው ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው በአራተኛው እግር ላይ አለቀ። ለዚህ ነው ያጠረው።

«ላም ለማየት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችሁት?» አሉ ጋሽ ኃይሉ ከመደባቸው ሆነው። «አዲስ አበባ ላም ጠፋ?»

«ላምስ አለ» አሉ አክስቴ ውሃ እያቀረቡልን። «ጥጃዋ የሞተባት ናት የጠፋችው።»

መምህሬ እጁን ታጥቦ ጎንበስ አለና «እንደምን ነዎት እናቴ?» አላቸው። አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብለው በዋጉ ቋንቋችን፣ በኽምጣና፣ ተናገሩ።

«የዚህ ሰው እናት ስንት ዓመታቸው ነው? እኔን ዐሥር ዓመት ይበልጠኛል እኮ።»

«ምን አሉ?» አለ።

«እንኳን ደህና መጡ ነው የሚሉት» አልኩ። የትርጉም ሥራዬ የጀመረው እንዲህ ነው።

አክስቴ አማርኛ ያውቃሉ፤ ለገበያና ለእንግዳ። ቁም ነገር ሲሆን ግን ወደ ኽምጣናቸው ይመለሱ ነበር። ስለዚህ በዚያ ቤት ቁም ነገሩ ሁሉ የሚያልፈው በእኔ አፍ ነበር።

ማታ ሲታለብ አየን። ላሟ ዳሜ ትባላለች። አክስቴ ጥጃውን ተሸክመው አምጥተው ፊቷ አቆሙት። አጭሯ እግር ሥር ድንጋይ ሸጎጡ፤ ከአሞሌ የተፈረፈረ ጨው በአንገቱ ላይ ነሰነሱ። ዳሜ አሸተተችው። ከዚያ መላስ ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ ከአንገት ወደ ጆሮ። አክስቴ ተንበርክከው ግቷን ሲነኩት ወተቱ ወረደ። በወይራ ጢስ የታጠነው ማለቢያ ውስጥ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ተሳሳተች!» አለ ፈላስፋው፣ እጁን እያፋተገ። «በዓይኔ አየሁት። ፍጹም የሆነ ስሕተት!»

አክስቴ ቀና አሉ። «ማን ነው የተሳሳተው?»

«ላሟ ነው የሚለው። ጥጃዋ በሕይወት ያለ መስሏት።»

«እሷ?» አሉ። ማለባቸውን አላቆሙም። «ጥጃዋ ሲሞት አጠገቡ ቆማ ነበር። ሲገፈፍ አይታለች። ጭድን ከሥጋ፣ ጠረንን ከጠረን ትለያለች። ላም ሞኝ ናት ያላችሁ ማን ነው?»

«ታዲያ ለምን ወተቷን ትሰጣለች?» አለ እሱ፣ ስተረጉምለት።

አክስቴ ማለቢያውን ወደ ጉልበታቸው አስጠጉ። «ለቅሶ ላይ የሟቹን ልብስ ይዘን እንወጣለን አይደል? ጋቢውን፣ በትሩን፣ ካለውም ጠመንጃውን። ልብሱ ሟቹ ይመስለናል? አይመስለንም። ይዘነው ስንቆም ግን የታፈነው እንባ ይወርዳል። የእሷም እንደዚያው ነው። ወተቷ እንባዋ ነው። ታፍኖ ሲቀር ያማታል፤ መውረጃ ሰጠናት። እኛም ጠጣን።»

ቃል በቃል ተረጎምኩለት። በዚያ ጉዞ በትክክል የተረጎምኩት ያቺን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ፈገግ ብሎ «ደስ የሚል የገበሬ ግጥም» አለ። ማስታወሻው ላይ አልጻፈውም። አክስቴ ትኩስ ወተት ሲያቀርቡለት በከንፈሩ ነክቶ መለሰው፤ የጢሱ ሽታ ከብዶት ነው። ለእሱ የታረደችውን ዶሮ ግን አጥንቷን ሳይቀር ጋጣት። ጋሽ ኃይሉ ከመደባቸው ሆነው ሲበላ ይመለከቱት ነበር፤ በቅናት አይደለም፤ ሰው እህል ሲውጥ ማየት ናፍቋቸው ነበር። አገጩ ላይ ያለውን ወጥ በዚያው በሽቶ መሐረብ ጠረገ።

ጠዋት ልንነሳ ስንል ጥጃውን ዞሮ ዞሮ አየውና ከደጅ ወደ ጎን ሳብ አድርጎኝ፣

«ይህንን እወስደዋለሁ» አለኝ። «ለዩኒቨርሲቲው በስጦታ እንዲሰጡ ንገራቸው። ለራሳቸው ሌላ ይሠራሉ፤ ቆዳ በየቦታው አለ።»

ሌላ እንደማይሠራ ዋግ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ላም የምትልሰው የራሷን ጥጃ ጠረን ነው፤ የሌላውን ብታቆምላት በቀንዷ ነው የምትመልሰው። ይህንን ለእሱ ማስረዳት እችል ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ከዚያ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን፣ እሱ ያኮርፋል፣ ረዳትነቱ ለሌላ ይሄዳል። ወደ አክስቴ ተመለስኩና በኽምጣና እንዲህ አልኩ፦

«ለአንድ ሳምንት አውሱኝ ይላል። ለተማሪዎቹ አሳይቶ ይመልሰዋል።»

ጋሽ ኃይሉ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት።

«ሳምንት ነው?»

«ሳምንት ነው።»

«ሳምንት ትቆያለች ዳሜ?» አሉ ወደ ሚስታቸው።

«ጨው በእጄ እያላስኩ እሞክራታለሁ። ጎረቤትም አትጠፋም።» አክስቴ እኔን ተመለከቱኝ። «አንተን ሥራ ያስይዝሃል ይሄ?»

«ያስይዘኛል።»

«እንግዲያ ይውሰደው።» ጥጃውን እንደ ሕፃን ከወገቡ አንስተው በጆንያ ጠቀለሉት፣ ጭዱ እንዳይወጣ የጆንያውን አፍ ሰፉት።

«ምን አሉ?» አለ ፈላስፋው።

«በደስታ ሰጥተዋል» አልኩት፣ አክስቴ እንዳይሰሙ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዐሥር ቀን ቆይቶ በትልቁ አዳራሽ ንግግር አደረገ። ጨርቁን ከጥጃው ላይ ሲገፈው አዳራሹ ሳቀ፤ ከኋላ አንዱ «እምቧ!» አለ። አጭሯ እግር መድረኩ ላይ ስላልቆመች ጥጃውን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በተውሶ ኮት። «ይህች ላም» አለ መምህሬ፣ «ከድንጋይ የምትበልጠው መሳሳት በመቻሏ ነው።» ጭብጨባው ብዙ ነበር። ደስ ብሎኝ እንደነበር መደበቅ አልፈልግም።

ሳምንቱ አለፈ፤ ሦስተኛውም አለፈ። አንድ ቀን ቢሮው ገባሁና «ጥጃውን ብንመልሰው፤ ላሟ ልትነጥፍባቸው ትችላለች» አልኩት። በውሰት ነው ያመጣነው አላልኩም። እሱ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣

«ብትነጥፍማ ጥሩ ነው» አለ። «ስሕተቱ እንደሚታረም ያሳያል። የነጠፈችበትን ቀን አጣርተህ መዝግብልኝ።»

መዘገብኩለት። ቀኑን ያገኘሁት በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ከመጣ ወረቀት ነው፤ አክስቴ ለአንድ ዲያቆን ነግረው ያስጻፉት። «ዳሜ ነጥፋለች። ጎረቤት የምትችለውን ታደርጋለች። ስለ ቆዳው አትጨነቅ፣ ሥራህን ያዝ። ጋሼህ ደህና ነኝ ይልሃል።»

ደህና አልነበሩም። በታኅሣሥ ዐረፉ። እኔ የደረስኩት ለአርባቸው ነው፤ ለረዳት የሚሰጠውን የመጀመሪያ ፈቃዴን ይዤ። ጠላው ተጠጥቶ፣ ካህናቱ ሄደው፣ ቤቱ ጭር ሲል አክስቴ ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተንበርክኬ እግራቸውን ልስም ስል ያዙኝ።

«ተው። ወተት ቢኖርም ይሞት ነበር። የሰቆጣውም ሐኪም ብሏል።»

ይህ እውነት ይሁን ለእኔ ሲሉ ያሉት ይሁን አላውቅም። ሐኪሙን ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። አልሄድኩም።

ዳሜ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ነበር፣ የጎኗ አጥንት እየተቆጠረ። አክስቴ እያዩዋት፣ «ጥጃው ሲሞት አልጮኸችም» አሉ። «ቆዳው የሄደ ቀን ግን ጀመረች። ሦስት ቀን ጮኸች። እኔ የጋሼህን ጋቢ ይዤ አለቀስኩ። እሷ ምን ይዛ ታልቅስ?»

በአማርኛ ነበር የተናገሩት። ማንም እንዲተረጉመው አልፈለጉም።

እሱ ጋ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ዓመታት ሲያልፉ መምህሬ ሐሳቡን ለወጠ፤ ታላላቅ ሰዎች በስተርጅና ሐሳብ ሲለውጡ ልክ እንደ ንስሐ ይከበርላቸዋል። በመጨረሻው መጽሐፉ ላሟ አልተሳሳተችም አለ። ቆዳው እንደ ሟች ልብስ ነው፣ ወተቱም እንደ እንባ፣ እያለ ጻፈ፤ «ይህ ሐሳብ በአንድ የዋግ ማለዳ ብልጭ አለልኝ» ብሎም ጨመረበት። ማለዳ እንኳ አልነበረም፤ ማታ ነበር። ምዕራፉን በጽሕፈት መኪና የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነጠላ ሰረዞቹን አስተካከልኩ፣ ሁለት ቦታ ላይ ቃል አሳመርኩ፣ ከዚያ ሽንት ቤት ሄጄ አስመለስኩ፣ ተመልሼም ጨረስኩት። ይህ መጽሐፍ ነው ነሐሱን ያስገኘለት። ሥራውን የለቀቅኩት በዚያው ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በሌሎች ሰዎች ማስመሰል ላይ በብዕር እየቀለድኩ እንጀራዬን በላሁ። አንባቢዎች ደፋር ይሉኛል።

እንግዲህ በዚያ በጥር ቀን፣ ስሜ ሲጠራ ተነስቼ ስምንት ደቂቃ ተናገርኩ። «ጥያቄ መጠየቅ ያስተማረን» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ምሳ ቀረበ፣ በላሁ። በሥጋው ላይ ዳግመኛ አፌ በምራቅ ሲሞላ ለመጉረስ ይሁን ለማስመለስ መለየት አልቻልኩም። አክስቴ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ንግግሬ ውስጥ ስማቸው አልነበረም።

ሰው ሲበተን የክፍሉን ኃላፊ ጠጋ አልኳት። ትሕትና ያላት ወጣት ሴት ናት፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀች።

«ያ ጽሑፍ መስተካከል አለበት» አልኳት። «ለማታለል አይደለም የተሠራው። የሐሳቡ ባለቤት ራሱ በመጨረሻው መጽሐፉ ትቶታል።»

«እሱን እንኳ አላነበብኩትም» አለች፣ ሳትዋሽ።

«ዕቃውም የዩኒቨርሲቲው አይደለም። በውሰት የመጣ ነው። ባለንብረቷ ብርነሽ የሚባሉ የሰቆጣ ዙሪያ ሴት ነበሩ፤ የሠሩት ባላቸው ናቸው። እግሩንም ማስተካከል አይገባም ነበር።»

ገረማት። «በመዝገባችን ግን ስጦታ ነው የሚለው፤ እስኪ ላምጣው» ብላ ሄደች። አሮጌ፣ ጠርዙ አይጥ የበላው መዝገብ ይዛ መጣችና በጓንቷ ገለጠች። «የጥጃ ቆዳ፣ አንድ። አገባቡ፦ ስጦታ። ሰጪ፦ የአካባቢው ነዋሪ።» ጣቷ ወደ ታች ወረደ። «ምስክርና አስተርጓሚ…» ቆመች። ስሜን ካነበበች በኋላ እኔን አየችኝ። «ይህ የእርስዎ ፊርማ አይደለም?»

ነበር። ረጅም ጭራ ያለው፣ ሥራ ሊይዝ የቸኮለ ወጣት ፊርማ። ረስቼው አልነበረም። እስከዚህ ድረስ ያልነገርኳችሁ፣ ስለማፍር ነው።

«እንዲስተካከል በጽሑፍ ቢያመለክቱ…» አለች ልጅቷ፣ ልታድነኝ ፈልጋ። ይህ ጽሑፍ ያ ማመልከቻ ነው። ይፈጸምልኛል ብዬ አልጠብቅም። ቆዳው ቢመለስስ የሚልሰው ማን አለ?

ይህንን ያጫወትኳቸው ሁለት ወዳጆቼ ሊያጽናኑኝ ሞክረዋል። ልጅ ነበርክ፣ ተሳስተህ ነው፣ ሰው ይሳሳታል አሉኝ። አመሰግናቸዋለሁ፤ ግን የመምህሬ ተማሪ ነኝና ቃሉን በቦታው ልጠቀምበት። የተሳሳተ ማለት ያላወቀ ነው። ጆንያው ሲሰፋ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሳምንት እንዳልሆነ አውቅ ነበር፣ ሌላ ቆዳ እንደማይተካው አውቅ ነበር፣ መደቡ ላይ የተኛው ሰው በምን እንደሚኖር አውቅ ነበር።

ላሟ አልተሳሳተችም። እኔም አልተሳሳትኩም።